ጣሳህ ስንት ግራም ይይዛል? ስለ ጋሪ ፈረስ መኖ ለቀረበ ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ቢሾፍቱ የሚኖር ልጅ ነው የላከው። አባቱ የጋሪ ፈረስ አላቸው። ፈረሱ ጠዋት ሁለት ጣሳ ፍሩሽካ፣ ማታ ደግሞ ሁለት ጣሳ ፍሩሽካና አንድ ጣሳ ገብስ ይበላል። የጤፍ ጭድም ከፊቱ አይጠፋም። እንዲያም ሆኖ ጎድኑ መቆጠር ጀምሯል። ገብስ ስለተወደደ በዚያው ጣሳ በቆሎ ሊተኩለት አስበዋል። ጎረቤት በበኩሉ "ፍሩሽካውን ጨምሩለት" ይላል። አባትየው "እኔ በዓይኔ እመዝናለሁ" ባይ ናቸው። ልጁ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በቀን ስንት ጣሳ ነው ትክክሉ?

ወንድሜ፣ "ይሄን ያህል ጣሳ" ብዬ ብገላገል ደስ ባለኝ። ግን ጣሳ የምትለው የትኛውን እንደሆነ አላውቅም። የቲማቲም ድልህ ጣሳ አለ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ፣ አፉ ተቆርጦ መስፈሪያ የሆነ የዘይት ቆርቆሮም አለ። አንዱ አንድ ሊትር አይሞላም፣ ሌላው ሁለት ሊትር ያልፋል። ቁናም ብትለኝ ያው ነው፣ ካንዱ ገበያ ወደ ሌላው ይለያያል። ደግሞ ጣሳው አንድ ቢሆን እንኳ ውስጡ የሚገባው ነገር ክብደቱ እኩል አይደለም። ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ልክ አንድ ሊትር የሚይዝ ጣሳ አለህ እንበል። በቆሎ ብትሞላው ከ700 ግራም በላይ ይመዝናል። ገብስ ከሆነ 600 ግራም ትንሽ አለፍ ይላል። አጃ 450 ግራም አካባቢ ነው። ፍሩሽካ ግን ከ200 እስከ 250 ግራም ብቻ! አንድ ጣሳ በቆሎ ማለት በክብደት ሦስት ጣሳ ፍሩሽካ ማለት ነው። አባትህ በቀን አራት ጣሳ ፍሩሽካ ሲሰጡ ብዙ የሰጡ ይመስላቸዋል፣ ዓይን ቢፈርድ እውነትም ብዙ ነው፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን አንድ ኪሎ እንኳን አይሞላም። ዓይን መጠንን እንጂ ክብደትን አያይም። የአባትህን ልምድ ማቃለሌ አይደለም። እሳቸው የፈረሱን አረማመድ፣ ላቡን፣ የዓይኑን ሁኔታ አይተው የሚያውቁትን ነገር እኔ ከወረቀት ላይ አላገኘውም። ግራም ግን በዓይን አይታይም፣ አለቀ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጣሳውን ለካው። አንድ ሊትር የሃይላንድ ውሃ ያዝና ጣሳው ውስጥ ገልብጥ፣ ስንት እንደሚይዝ ታያለህ። ከዚያ ጣሳውን፣ ከፍሩሽካው፣ ከገብሱና ከበቆሎው በትንሽ በትንሽ ላስቲክ ያዝና ዲጂታል ሚዛን ያለው ሱቅ ሂድ። ባዶውን ጣሳ አስመዝን። ከዚያ እያንዳንዱን እየሞላህ አስመዝንና የጣሳውን ክብደት ቀንስ። ስትሞላ አፉን በእጅህ ጠርገህ አስተካክል። ገበያ ላይ እንደሚሰጠው ምርቃት ከላይ ቆልለህ ከለካህ ዛሬና ነገ እኩል አይሆንም፣ ያንተ እጅና የአባትህ እጅም እኩል አይሆንም። ያገኘኸውን ቁጥር በማርከር ጣሳው ላይ ጻፈው፤ ገብስ ይሄን ያህል፣ በቆሎ ይሄን ያህል፣ ፍሩሽካ ይሄን ያህል ብለህ። ከዚያ በኋላ በጣሳ መስፈር ትችላለህ፣ ችግር የለም። ጣሳ እኮ በራሱ ጥፋት የለበትም፣ ያልተመዘነ ጣሳ ነው ጥፋቱ። አዲስ ማዳበሪያ በከፈትክ ቁጥር ግን እንደገና መዝን፣ በተለይ ፍሩሽካ ከወፍጮ ወፍጮ ይለያያል፤ አንዱ ደቃቅና ዱቄት የበዛበት ነው፣ ሌላው ቅርፊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ። የመኖውን ክብደት ብታውቅና የፈረሱን ክብደት ካላወቅክ ግማሽ መንገድ ላይ ቆምክ ማለት ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኛቸው የመኖ ሠንጠረዦች አብዛኞቹ 500 ኪሎ ለሚመዝን የፈረንጅ ፈረስ የተሠሩ ናቸው። የኛ አገር የጋሪ ፈረስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 280 ኪሎ ነው። ያንን ሠንጠረዥ እንዳለ ከገለበጥከው እህሉን እጥፍ ታደርግበታለህ፣ ከዚያ ቁርጠት መጣ ብለህ ትደነግጣለህ።

ፈረስ የሚመዝን ትልቅ ሚዛን ፍለጋ መሄድ አያስፈልግህም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። አብዛኛው የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለኛ ፈረስ ደረት ለጥቂት ይደርሳል፣ ካልደረሰ ገመድ አዙርበትና ገመዱን ለካ። ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው። አንደኛ፣ የደረቱን ዙሪያ ለካ፤ ከፊት እግሮቹ ወዲያው ኋላ፣ የኮርቻ ጠፍር በሚያርፍበት ቦታ፣ ከላይ አንገቱ ከጀርባው ጋር በሚገጥምበት ጉብታ በኩል አዙረህ፣ አየር ሲያስወጣ ጠብቀህ። ሁለተኛ፣ ርዝመቱን ለካ፤ ከፊት ለፊት ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ ኋላ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ድረስ። ከዚያ ዙሪያውን በራሱ አባዛው፣ በርዝመቱ አባዛው፣ ለ11,880 አካፍለው። የሚመጣው ኪሎው ነው። ለምሳሌ ዙሪያው 142፣ ርዝመቱ 132 ቢሆን፣ 142 በ142 ሲባዛ 20,164፣ እሱ በ132 ሲባዛ 2,661,648፣ ለ11,880 ሲካፈል 224 ኪሎ። ስልክህ ላይ ያለው ካልኩሌተር በደቂቃ ይጨርሰዋል። ትንሽ ኪሎ ወዲህ ወዲያ ሊል ይችላል፣ ግን ከግምት በብዙ ይሻላል። በዚያ ላይ ይሄ ቁጥር ለመኖ ብቻ አይደለም የሚጠቅምህ፣ የትል መድኃኒትም በኪሎ ነው የሚሰጠው፣ ባነሰ መጠን በተሰጠ ቁጥር ትሉ መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል።

ያንተን ፈረስ 225 ኪሎ ብለን እንቀጥል፣ ከለካህ በኋላ የራስህን ቁጥር አስገባ። ሥራ የሚሠራ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ100 እጅ ከ2 እስከ 2.5 የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። ለ225 ኪሎ ይሄ ከ4.5 እስከ 5.6 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ ከክብደቱ 1.5 ከመቶ ያህሉ፣ ማለትም ቢያንስ 3.4 ኪሎው፣ ሳር ወይም ድርቆሽ መሆን አለበት። እህል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ የጎደለውን ለመሙላት። እኛ አገር ግን ነገሩ ተገልብጧል። ስለ መኖ ሲወራ የሚነሳው ፍሩሽካና ገብስ ነው፣ ጭዱ "ያው ይበላል" ተብሎ ይታለፋል።

አሁን ጎድኑ ለምን እንደታየ እንይ። 225 ኪሎ የሚመዝን ሥራ ፈት ፈረስ በቀን 7.5 ሜጋካሎሪ (ከመኖ የሚገኝ ጉልበት መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የሚውል ግን ወደ 12 ሜጋካሎሪ ይፈልጋል። ጣሳችሁ አንድ ሊትር ከሆነ የምትሰጡት ፍሩሽካ 900 ግራም ያህል ነው፣ ከሱ 2.6 ሜጋካሎሪ ያገኛል። ከአንድ ጣሳ ገብስ 2 ያገኛል። የጤፍ ጭድ በኪሎ 1.4 አካባቢ ነው የሚሰጠው፣ ቀን ጋሪ ላይ ስለሚውል ማታ ማታ ሦስት ኪሎ በላ ብንል 4.2። ሲደመር 9 እንኳን አልሞላም። የቀረውን ከየት ያመጣዋል? ከራሱ ሥጋ ነዋ። ስለዚህ ፈረሱ "የማይወፍር ዘር" አይደለም፣ በየቀኑ ከሩብ በላይ እየጎደለው ነው። ይሄ ሁሉ ፈረሱ ጤነኛ ከሆነ ነው፣ ወደ ጥርስና ወደ ትል በኋላ እመጣለሁ።

የሚጎድለውን በምን እንሙላው? መጀመሪያ በድርቆሽ። ጥሩ ድርቆሽ፣ አረንጓዴነቱ ያልጠፋ፣ ሳያፈራ የታጨደ፣ በኪሎ 1.8 ሜጋካሎሪ ያህል አለው። በቀን አራት ኪሎ ከበላ 7.2 አገኘ ማለት ነው። በላዩ ላይ አንድ ኪሎ ገብስ (3.3)፣ ግማሽ ኪሎ ፍሩሽካ (1.4) እና ሩብ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (0.7 ገደማ) ብትጨምርለት 12ን ትንሽ ያልፋል። ፋጉሎውን ያስገባሁት ለፕሮቲን ነው፣ ጡንቻው ለከሳ ፈረስ ይጠቅመዋል፣ ጭድና ገብስ ብቻ የሚበላ ፈረስ ፕሮቲን ያጥረዋል። ድርቆሽ ሙሉ በሙሉ መግዛት ካልተቻለ ግማሹን ጭድ አድርገው፣ ግን ጉልበቱ እንደሚቀንስ አውቀህ።

ድርቆሹም ይመዘናል፣ "አንድ ክንድ" የሚባል ነገር የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃናት የሚመዝኑበትን የሚንጠለጠል ሚዛን አይተሃል አይደል? እንደሱ ያለ የሚንጠለጠል ሚዛን፣ የስፕሪንግም ሆነ የባትሪ፣ ግዛ። ድርቆሹን በማዳበሪያ ወይም በመረብ ጠቅልለህ አንጠልጥለው። የሱሉልታ ድርቆሽ በቤል ገዝተህ ከሆነ እያንዳንዱን ቤል መዝን፣ አንዱ 12 ኪሎ ሆኖ አጠገቡ ያለው 18 ሊሆን ይችላል፣ ዋጋቸው ግን አንድ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እርጥብ ሳር ታጭዶ በሸክም ሲገዛ በጣም ብዙ ይመስላል፣ ግን ከ100 እጅ ከ75 እስከ 80 የሚሆነው ውሃ ነው። አራት ኪሎ እርጥብ ሳር ወደ አንድ ኪሎ ድርቆሽ ነው የሚጠጋው። ስለዚህ የድርቆሹን ቦታ ሙሉ በሙሉ በእርጥብ ሳር ልተካ ካልክ 16 ኪሎና ከዚያ በላይ ያስፈልግሃል። አተላም እንደዚያው ነው፣ ባልዲው ከባድ ሆኖ አብዛኛው ውሃ ነው። ፈረሱ ሆዱ ተነፍቶ ጎድኑ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ወደ በቆሎው ልምጣ። በጣሳ ልክ መቀየር የለባችሁም። አንድ ሊትር ጣሳ ገብስ 620 ግራም ከሆነ፣ ያው ጣሳ በቆሎ ከ700 ግራም በላይ ነው፣ በዚያ ላይ በቆሎ ከገብስ የበለጠ ስታርች፣ ማለትም ጉልበት የሚሰጠው የእህሉ ዱቄት፣ አለው። ሁለቱ ሲደመሩ ፈረሱ ባንድ ጊዜ ከሲሶ በላይ ተጨማሪ ስታርች ይገባበታል፣ አንተ ግን "ያው አንድ ጣሳ ነው" ብለህ ትተኛለህ። ይሄ ለምን አስጊ እንደሆነ ላስረዳህ። የፈረስ ጨጓራ ለሰውነቱ ትንሽ ነው፣ 500 ኪሎ የሚመዝነው ትልቁ ፈረስ እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ነው ጨጓራው የሚይዘው። ያንተ ፈረስ የዚያን ግማሽ ነው። ማስታወክ ደግሞ አይችልም። ባንድ ጊዜ ብዙ እህል ሲበላ ስታርቹ ትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ አያልቅም፣ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። እዚያ ያሉት ሳር የሚያብላሉ ደቂቅ ነፍሳት ናቸው፣ ስታርች ሲደርሳቸው አሲድና ጋዝ ይፈጠራል። ከዚያ ቁርጠት ነው። ወይ ደግሞ የሰኮና ውስጥ ብግነት ይመጣል፤ ሰኮናው ይሞቃል፣ ፈረሱ የፊት እግሩን ወደፊት ዘርግቶ ወደ ኋላ ተደግፎ ይቆማል፣ መራመድ ያቅተዋል። በዚህ ከጋሪ ሥራ ለዘለዓለም የሚወጣ ፈረስ አለ።

የሚመከረው ልክ ባንድ ማዕድ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከአንድ ግራም ስታርች ባይበልጥ ነው። ለ225 ኪሎ ፈረስ ይሄ ወደ 400 ግራም ገብስ ወይም ወደ 330 ግራም በቆሎ ነው። ተመልከት፣ ማታ ማታ የምትሰጡት አንድ ሙሉ ጣሳ ገብስ አሁኑኑ ከዚህ አልፏል። ስለዚህ ያልኩህን አንድ ኪሎ ገብስ ከፍሩሽካውና ከፋጉሎው ጋር ቀላቅለህ ለሦስት ክፈለው፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። በቆሎ ካልሆነ አቅም የለንም ካላችሁ 800 ግራም ያህል ይበቃል፣ እሱም ለሦስት ተከፍሎ፣ ተከክቶ። ገብሱም ቢከካ ይሻላል። ጥሬው በቆሎ ሳይከካ ከተሰጠ ከፊሉን ፋንድያው ላይ ታገኘዋለህ፣ ዶሮዎችህ ደስ ይላቸዋል እንጂ ፈረሱ አይጠቀምም። ሻጋታ ያለበት በቆሎ ደግሞ በምንም ዋጋ ቢሆን አትግዛ። በቆሎ ላይ የሚበቅል አንድ የሻጋታ ዓይነት የፈረስን አንጎል የሚያበላሽ መርዝ ያመርታል፣ ከታመመ በኋላ የሚተርፍ ጥቂት ነው። "ትንሽ ሸተተ እንጂ ምንም አይልም" የሚል ነጋዴ ሲገጥምህ አመስግነህ እለፍ።

ለውጡ ቀስ ብሎ ይሁን። ከ10 እስከ 14 ቀን ስጠው። በየቀኑ ከ50 እስከ 100 ግራም ከአሮጌው እየቀነስክ ያንኑ ያህል አዲሱን ጨምር። የከሳ ፈረስ አይቶ ልብ ሲራራ ባንድ ቀን እጥፍ መስጠት ያምራል፣ ግን አትችልም፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉት ደቂቅ ነፍሳት ለአዲስ ምግብ ጊዜ ይፈልጋሉ። እግረ መንገዴን፣ እንጅባራ ለጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ፈረስ የምታዘጋጁ ካላችሁም ይሄ ለናንተ ነው፤ ፈረሱ እንዲያምር በመጨረሻው ሳምንት ገብስ የሚያጎርፍ ሰው አይጠፋም። ከኅዳር ጀምሮ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

ፍሩሽካውን ጨምሩ ለሚለው ጎረቤት ደግሞ መልሴ አጭር አይደለም። ፍሩሽካ መጥፎ መኖ አይደለም፣ ርካሽ ነው፣ ፈረስ ይወደዋል። ነገር ግን ፎስፈረሱ በጣም ብዙ፣ ካልሲየሙ በጣም ትንሽ ነው፤ አንድ ኪሎ ፍሩሽካ ውስጥ ፎስፈረሱ 11 ግራም አካባቢ ሲሆን ካልሲየሙ ከአንድ ግራም ብዙም አይዘልም። ፈረስ የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ካልሲየሙ ከፎስፈረሱ ማነስ የለበትም፣ ቢበልጥ ይመረጣል። ሲገለበጥ ሰውነቱ ካልሲየም ከአጥንቱ መንቀል ይጀምራል። በወራት ውስጥ የፊቱ አጥንት ያብጣል፣ መንጋጋው ይወፍራል፣ ጥርሱ ይላላል፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ካንዱ እግር ወደ ሌላው የሚዞር ማንከስ ይመጣል። ድሮ አውሮፓ ውስጥ የወፍጮ ቤት ፈረሶች ፍሩሽካ እንደልብ ስለሚያገኙ ይሄ በሽታ በነሱ ስም ይጠራ ነበር። የናንተ ፈረስ አሁን ከሚበላው ብዛት አንጻር ፎስፈረሱ ካልሲየሙን አልፏል ብዬ ነው የማስበው። ፍሩሽካ ብትጨምሩ ይብስበታል። ስለዚህ ወደ ግማሽ ኪሎ አውርዱት፣ በላዩ ላይ በቀን 25 ግራም ያህል የኖራ ድንጋይ ዱቄት ቀላቅሉበት። የዶሮ መኖ የሚያዘጋጁ ሰዎች ጋ ታገኙታላችሁ። ልብ በል፣ ቤት የሚቀባውን ኖራ አይደለም ያልኩህ! እሱ አፉንና ጉሮሮውን ያቃጥለዋል። 25 ግራሙን አንዴ ሱቅ አስመዝነህ የትኛው ማንኪያ ላይ እንደሚደርስ ምልክት አድርግ። አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል የምታገኙ ከሆነ ደግሞ አሪፍ ነው፣ ከድርቆሹ ግማሽ ኪሎውን በደረቅ አልፋልፋ ብትተካ ብቻ ከ6 ግራም ያላነሰ ካልሲየም ታገኛለህ።

የዶሮ መኖ ስል አንድ ማስጠንቀቂያ አስታወሰኝ። የኖራ ድንጋዩን ግዛ እንጂ የተዘጋጀውን የዶሮ መኖ ለፈረስ እንዳትሰጥ። የዶሮ መኖ ውስጥ ኮክሲዲያ ለሚባለው የዶሮ አንጀት በሽታ ተብሎ የሚጨመር መድኃኒት ይኖራል፣ እንደ ሞኔንሲን ያለው በጣም በትንሽ መጠን የፈረስን ልብ ይገድላል። አንዳንድ የከብት ማድለቢያ መኖም ይሄው አለበት። "ከብቱ በልቶ ወፍሯል" ማለት ለፈረስ ይሆናል ማለት አይደለም።

ሰዓቱስ? የጋሪ ፈረስ ትልቁ ችግር ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን መዋሉ ነው። የፈረስ ጨጓራ ምግብ ኖረም አልኖረም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም፣ ባዶ ከሆነ የራሱን ግድግዳ ያቆስላል። ከአምስት ከስድስት ሰዓት በላይ ያለ ሳር አታቆዩት። ተሳፋሪ እስኪሞላ በሚቆምባት ጊዜ ሳይቀር ድርቆሽ በከረጢት ይቅረብለት፣ ከጋሪው ስር አንድ ኪሎ መያዝ ከባድ አይደለም። የቀረውን ሦስት ኪሎ ለሌሊቱ ተወው፣ ፈረስ ሌሊትም ይበላል። እህል በልቶ ወዲያው ጋሪ ላይ አይጠመድ፣ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ መጀመሪያ ውሃና ድርቆሽ፣ ላቡ ከደረቀ በኋላ እህል።

ሥራ በሌለበት ቀንም ልክ አለ። ፋሲካ ወይም ጥምቀት ላይ ፈረሱ ሲያርፍ "እሱም በዓል ያክብር" ተብሎ ገብሱ ሙሉ ይሰጠዋል፣ አንዳንዴም ይጨመርለታል። በማግስቱ ጋሪ ላይ ሲጠመድ ጥቂት ሄዶ ይገተራል፤ የታፋው ጡንቻ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ያልበዋል፣ ሽንቱ ቡና መስሎ ይወጣል። በሌላው ዓለም የጭነት ፈረሶች እሁድ አርፈው ሰኞ ሲጠመዱ የታወቀ በሽታ ነው። የእረፍት ቀን እህሉን በግማሽ ቀንሱ፣ ድርቆሹን ግን እንዳለ ተዉት። እንዲህ ሲገተር ካያችሁት አንድ እርምጃ እንኳ አታስኪዱት፣ እዚያው ፍቱትና ሐኪም ጥሩ።

ውሃም መለካት አለበት፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በቢሾፍቱ ፀሐይ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 35 ሊትር ይፈልጋል፣ አንድ ተኩል ጀሪካን ማለት ነው፣ ባንዴ ሳይሆን በአራት በአምስት ጊዜ። ደረቅ ጭድ እየበላ ውሃ ካነሰው ጭዱ አንጀቱ ውስጥ ይደርቅና ይዘጋል፣ ይሄ ደግሞ ከተለመዱት የቁርጠት ዓይነቶች አንዱ ነው። ጨው በቀን 30 ግራም ገደማ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው፣ አንዱን ጠዋት አንዱን ማታ ከፍሩሽካው ጋር። አሞሌ ካላችሁ ቀጥቅጣችሁ ስጡት፣ ተጨማሪ ከፈለገ እንዲልስ ቁራጩን አጠገቡ አስቀምጡለት።

አዲሱን አመጋገብ ከጀመርክ በኋላ በየ15 ቀኑ የደረቱን ዙሪያ ለካና ጻፍ። በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅህም ፈትሸው፤ ጎድኑን ስትዳብስ አጥንቱ እየተሰማህ ከሩቅ የማይታይ ከሆነ ልኩ እሱ ነው። በ1983 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ቴክሳስ ውስጥ የወጣ ከ1 እስከ 9 የሚሄድ የፈረስ ሰውነት መለኪያ አለ፣ እዚያ ላይ 5 የሚባለው ይሄ ነው። እንደነገርከኝ ከሆነ የናንተው 3 አካባቢ ይመስለኛል። ዙሪያው እየጨመረ ከሆነ ባለህበት ቀጥል። ጎድኑ እስኪሸፈን ድረስ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ በሳምንቱ ለውጥ አላየሁም ብለህ እህል እንዳትጨምር።

በትክክል እየመዘንክ ሰጥተህ ከአንድ ወር በኋላ ሜትሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን ነገሩ የመኖ አይደለም። ያኔ ጥርሱን አስመርምር። የመንጋጋ ጥርሱ ጠርዝ እየሾለ ጉንጩንና ምላሱን ይቆርጠዋል፣ ሳሩን አኝኮ መጨረስ አቅቶት እንደ ኳስ ጠቅልሎ ሲጥለው ታያለህ። ፋንድያው ላይ ረጃጅም ጭድ ካየህም ያው ነው። ቀጥሎ ትል። ዕድለኛ ነህ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ከተማህ ውስጥ ነው ያለው። ስትሄድ ፈረሱ በቀን የሚበላውን በኪሎ፣ የሚጠጣውን በሊትር፣ የደረቱን ዙሪያ ከነቀኑ በወረቀት ጽፈህ ያዝ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው። ነገር ግን ፈረሱ ሆዱን ዞር እያለ ካየ፣ መሬት በእግሩ ከጫረ፣ ከተንከባለለና ፋንድያ መጣል ካቆመ ወረቀትም ምንም አትጠብቅ፤ እህሉን አንሳ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጥራ።